መቶ አራት ምት

ቅዳሜ፣ ጥር 13 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

104! ደብተሬ፣ ልኩ 104 ነው! የወባ በሽተኛ የልብ ትርታ የምቆጥርበት ሰዓት ዛሬ ዘፈን ቆጠረ። ከጤና ጣቢያው እንደወጣሁ በሩጫ እትዬ ጥሩነሽ ሻይ ቤት፣ መገንጠያው ላይ። ጆሮዬን ሬዲዮው ላይ ለጥፌ ቆምኩ። አዲሱ ዘፈን መጣ። መጀመሪያው ደቂቃ ላይ 104 ምት። ሦስተኛውም ላይ 104። ንቅንቅ የለም! በእያንዳንዷ ምት ውስጥ ደግሞ ሦስት ትናንሽ ምቶች አሉ። ትከሻ አላስቀምጥ የሚሉት እነሱ ናቸው። ሳክስፎኑ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቆ ይገባል።

እትዬ ጥሩነሽ ሬዲዮዬን መርፌ ልትወጋው ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ሰኞ ሳምንት የሙዚቃ ጓድ ከጎንደር መጥቶ አንድ ዘፋኝ ይመርጣል። የሚፈትነው በዚህ ዘፈን ነው። አንድ ሰው ብቻ! እኔ ካልሆንኩ ምኑን ኖርኩት።

እሑድ፣ ጥር 14

ክራሩን በትዝታ ቃኝቼ ሞከርኩ። እምቢ አለ። ሦስት ክር ወጠር ወጠር፣ ወደ ባቲ። ግጥም አለ! ባቲ ነው! ብቻዬን ጮህኩ። የዘፋኙ መነሻ ድምፅ ግን ለጉሮሮዬ ከፍ ይላል፣ ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰነጠቃል። ትንሽ ዝቅ አደረግሁት። አሁን እንደ ልቤ።

አባባ አልሰሙም። ደብሩ ጋ ነበሩ። የደብሩ መሪጌታ አባቴ፣ ልጃቸው ሊዘፍን መሆኑን ቢሰሙ... የጤና ጣቢያ ድሬሰር ስሆን እንኳ ስንት ወር ኩርፊያ።

ረቡዕ፣ ጥር 17

ጉድ ሆንኩ። እትዬ ጥሩነሽ ሰዓቱን ይዘው ቆጠሩልኝ። ስጀምር 104። ስጨርስ 131! ደገምኩት፣ 128። ከብት እየነዳህ ነው እንዴ አሉኝ።

ማታ ስተኛ ገባኝ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ማኅሌት ቆሜያለሁ። ቁም ዜማው በዝግታ፣ ከዚያ ዝማሜው በመቋሚያ፣ መረግዱ በከበሮ፣ መጨረሻ ጽፋት፣ ጭብጨባው እየፈጠነ እየፈጠነ። የጀመሩት ነገር እየፈጠነ መነሳት አለበት ብሎ ደሜ ተምሯል። ይሄ ዘፈን ደግሞ አይነሳም! ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ሻይ ቤቱ ከሬዲዮው ጋር ዘፈንኩ፣ የጠረጴዛ እግር ጨብጬ። መነሻ 104፣ መድረሻ 105! እልል በሉ አልኳቸው። እትዬ ጥሩነሽ ግን ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ። ልክ ነው አሉ፣ ግን ጨው የለውም። ተናደድኩ። ሰው ይለፋል፣ እሳቸው ጨው ይፈልጋሉ!

ሰኞ፣ ጥር 22፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

 በሥርዓት ልጻፍ።

ት/ቤቱ አዳራሽ። አሥራ አንድ ተወዳዳሪ። ተራዬ ደረሰ። 104 ጀመርኩ፣ 104 ጨረስኩ። የሙዚቃ ጓዱ አለቃ መነጽራቸውን እየጠረጉ አመሰግናለሁ፣ ቀጣይ አሉ። በቃ! እግሬ ሄደ፣ ልቤ አልሄደም። ተመለስኩ። አንዴ ብቻ በራሴ መንገድ ልሞክር ብዬ ለመንኩ። አንድ ደቂቃ ሰጡኝ። የጓዱን ከበሮ መቺ ተከተለኝ አልኩት።

በዝግታ ያዝኩት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ለቀቅሁት። ከዚያ ወዲያ እኔ አልነበርኩም! አዳራሹ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ተወዳዳሪዎቹ ሳይቀሩ። እልልታ። ከበሮ መቺው በላብ ታጠበ፣ አንዱ ዱላ ከእጁ በረረ። ከአንድ ደቂቃ አለፍን፣ ማንም አላስቆመን።

አለቃው መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ መቺውን ልትከተለው ትችላለህ ወይ ብለው ጠየቁት። አሁን አልችልም፣ ግን መቻል እፈልጋለሁ አለ። ሳቁ። ወደ እኔ ዞረው፣ ሐሙስ ጠዋት እንሄዳለን፣ ዕቃህን ይዘህ ና።

እኔን! እሰይ! እሰይ!

አባባስ? ነገ።

ማክሰኞ፣ ጥር 23፣ ረፋድ

ነገርኳቸው። ደጀ ሰላሙ ጥግ የከበሮ ጠፍር ያጠብቁ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እንዴት እየፈጠንኩ እንደዘፈንኩት ሳይቀር።  አዝማሪ ሆንክልኝ የምትለዋን ቃል ቆሜ ጠበቅሁ። 

በጾም ትዘፍናለህ? አሉ። አልዘፍንም አልኩ። ጠፍሩን ሳቡ። ከበሮውን የሚመታው ማነው አሉ። አንድ የጎንደር ልጅ፣ መሐል ላይ ዱላው የወደቀበት አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ዘፈን የምትለውን አልሰማሁም። ያን ልጅ ግን ዛሬውኑ አምጣልኝ፣ ከበሮ ላሳየው፤ ልጄ እየሮጠ ከኋላው ሰው ሊቀርበት አይገባም።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ጠፍሩን ያዝልኝ አሉኝ።

እሄዳለሁ፣ ደብተሬ። ሐሙስ ጎንደር። አሁን ልጁን ልፈልገው፣ የጓዱ መኪና አጠገብ ይሆናል።