በስሜ የተላከው ደም

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

ይድረስ ለማትጠገቢው ልጄ፣

እንደ ወትሮው «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ አልጀምርም። ቃሏ አስጠልታኛለች። አፌም ራሱ ያስጠላኛል፤ ጨረሩ ምራቄን ካደረቀው ወዲህ ውሃ ካልተጎነጨሁ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይለጠፋል፣ ጠረኑንም ትራሴ ያውቀዋል።

የጉሮሮዬ ካንሰር ከታከመ በኋላ በየሦስት ወሩ ለምርመራ ደም እንደምሰጥ ታውቂያለሽ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ በሽታው ተመልሶ ከሆነ በዓይንም በራጅም ሳይታይ ገና ርዝራዡ ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ባለፈው ወር «ውጤቱ ንጹሕ ነው» ብዬ ስደውልልሽ አለቀስሽ። ለእኔ ብለሽ ያዘገየሽውን የሦስት ዓመት የመርከብ ሥራ ውልም በዚህ ሳምንት አርብ እንደምትፈርሚ ነገርሽኝ።

ልጄ፣ ያ ደም የእኔ አይደለም። የአጎትሽ ነው።

ከቀጠሮዬ ሳምንት ቀደም ብሎ ፂሜን ስላጭ ከጆሮዬ ሥር ባቄላ የምታህል ነገር ነካሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለአጎትሽ ግን ጅማቴ ጠፍቶ ነርሷ አራት ቦታ እንደምትወጋኝ አማረርኩለት። እሱ መቼም የዋህ ነው። «ካርድህን ወዲህ በለው፣ የእኔ ጅማት ገመድ ነው። የአንድ እናት ልጆች አይደለን እንዴ?» አለኝ። ደም በቤተሰብ አንድ ይመስለዋል። እኔ ግን የእሱ ደም በሽታዬን እንደማያሳይ እያወቅኩ ካርዱን ሰጠሁት። መልካችን ቁርጥ አንድ ስለሆነ ማንም አልጠየቀውም።

ሠላሳ ዓመት በዘይት ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አንድ ሠራተኛ የተበላሸውን በርሜል ትቶ ናሙናውን ከደህናው ቢቀዳ፣ የልጆች አባት ነው ተብዬ ብለመንም አስባረርኩት። ስሙ ሲነሳ እተፋ ነበር። አሁን በመስታወት የማየው እሱን ነው። ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለህ» እያለ ሲስመኝ እብጠቱ የሌለበትን ጉንጬን እሰጠዋለሁ።

ትናንት እናትሽ ኮሌታዬን ስታስተካክል ጣቷ እብጠቱ ላይ አረፈ።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። ሄዳ እጇን በሳሙና ታጠበች።

ዛሬ ጠዋት ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄደች። ለሐኪሟ ያደረግኩትን ተናገርኩ፤ ቀና ብላም አላየችኝ፣ ጻፈች ብቻ። ነርሷ አምስት ቦታ ወጋችኝ፤ የራሴን ደም ሰጠሁ። ውጤቱ የሚደርሰው በአሥር ቀን ነው። ድምፄ ስለሚከዳኝ በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም፤ እህትሽ ይህን ወረቀት ፎቶ አንስታ ዛሬውኑ ትልክልሻለች።

እንድትመጪ አልጠየቅኩሽም። የምለምንሽ የሌላ ሰው ደም አምነሽ እንዳትፈርሚ ብቻ ነው።

የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፤ እንደ እኔ ያለ አታላይ በመንገድሽ አይቁም።

አባትሽ

ፍራሽሽን ፀሐይ ላይ ማውጣቴን እህትሽ ብትነግርሽ፣ ሽታው ስላስጠላኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።