የአባባን ሳል የለመደው ወፍ

ለተወደድክ ወንድሜ ለጋሼ ናፍታሊ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ጃያፑራ ይድረስህ። እንዴት ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? ዮሲናና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ከአባባ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። አትደንግጥ፣ በሕይወት አሉ። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ቁጭ ብለህ እንድታነበው ነው።

ሰኞ ዕለት አባባ፣ ወፍ የሚያዩ እንግዶች ሊመጡ ነው ብለው ሸንተረሩ ላይ ያለችውን፣ ወፉን ተሸሽገው የሚያዩባትን የቅጠል መደበቂያ ሊጠግኑ ወጡ። ጎጆ ሠሪውን ወፍ ታውቀዋለህ፤ ሴቷን ለማማለል ቀዩን ፍሬ ለብቻ፣ ጥቁሩን ጢንዚዛ ለብቻ እየከመረ ደጁን እንደ ሠርግ ቤት ያሰማምራል። የሰማውንም ሁሉ ያስመስላል፤ መጥረቢያውን፣ ውሻውን፣ ከዓመታት ወዲህ ደግሞ መደበቂያው ውስጥ የሚያስሉትን የአባባን ሳል።

የዚያን ዕለት ዶፍ ወረደ፣ አባባም አልተመለሱም። ማክሰኞ ጠዋት ከአጎታችን ከኦቤትና ከጎረቤቶቹ ጋር ፍለጋ ወጣን። ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ ሳል ሰማን። እየተደነቃቀፍን ሮጥን። ለካ ወፉ ነው፤ ደጁ ላይ ቆሞ አንገቱን እየነቀነቀ ያስላል። አጎቴ ኦቤት፣ «ይኸውልሽ አባትሽ፤ ሁለተኛ ሊያገቡ ደጃቸውን ሲያሳምሩ አገኘናቸው» ቢለኝ ሳቅም እንባም መጣብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳል ሲሰማ ማንም ዞር አላለም። ረቡዕ አንዱ ጎረቤት ቆም ብሎ፣ «ይሄኛውስ ከታች የመጣ መሰለኝ» ሲል፣ «ወፉ ነው፣ ተወው» ያልኩት እኔ ነኝ። ወደ ቤት ስንወርድ ግን ጭንቀት ሰቅዞ ያዘኝ፤ እውነተኛው ሳል ቢመጣስ በምን እለየዋለሁ? ጋሼ፣ በዕድሜዬ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ዛሬ ማለዳ ብቻዬን ሄጄ መደበቂያው ውስጥ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ከወፉ አልነቀልኩም፤ ባሳለ ቁጥር ጉሮሮው ሲነፋ አያለሁ። ትንሽ ቆይቶ ቀይ ፍሬ በአፉ ይዞ መጣና ከክምሩ ሊጨምር ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ሳል ተሰማ። ፍሬው ገና አፉ ውስጥ ነበር። ወፉ ራሱ ቀና ብሎ አደመጠ።

አባባ ከመደበቂያው ሥር ነበሩ። መሬቱ ተንዶ ጉድጓድ ውስጥ ጥሏቸዋል፤ የጉድጓዱን አፍ ቅጠል ሸፍኖታል። እግራቸው ተሰብሯል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ከሳል በቀር የቀራቸው የለም። አሁን ትኩሳቱ አይሎባቸዋል። ነገ በጭነት መኪና ማኖክዋሪ ሆስፒታል እናወርዳቸዋለን፤ ይህንንም ደብዳቤ ሾፌሩ መርከብ ላይ ያስይዝልኛል። እባክህ ቶሎ ድረስልኝ፣ ብቻዬን ፈራሁ።

ትንሽ ድምፅ ሲመለስላቸው መጀመሪያ ያሉኝን ልንገርህ። «ትናንት ‹ወፉ ነው› ስትይ ሰማሁሽ። ከዚያ ወዲያ ማሳሉን ተውኩት። የዛሬዋ ሳላስበው አምልጣኝ ነው» አሉኝ። ወቀሳ የለበትም፣ እንዲሁ ነው የነገሩኝ። አሁን አጠገባቸው ሆኜ ባሳሉ ቁጥር «አቤት አባባ» እላለሁ።

ለዮሲና፣ ለትልቁ ለማርተን፣ ለትንሿ ለሬጊናም ሰላምታዬን አድርስልኝ። አጎቴ ኦቤትም ሰላም ብሎሃል።

እህትህ ዶርካስ
ሞክዋም፣ አርፋክ ተራራ
ሐሙስ፣ ኦገስት 11 ቀን 2011