በኮምፒውተርህ ምክንያት እናትህን «አንቺ» ያልኩበት ቀን

ተክልዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ሰው ሲጠይቀኝ ደኅና ነን ብዬ አልፋለሁ። ለአንተ ግን እንደዚያ ብዬ ማለፍ አልችልም። ልጽፍልህ ከተነሣሁ ሰንብቻለሁ፤ ፊትህን ባሰብኩ ቁጥር አንተን እያፈርኩ ነው የቆየሁት።

ቤቱ ትንሽ ተቀይሯል። የሥራ ክፍልህን ከሐዋሳ ለመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አከራይቼዋለሁ። ኮምፒውተርህን ግን አልሸጥኩትም። ያ አሮጌ ዴስክቶፕ አሁን ሳሎን ነው ያለው፣ በሩ አጠገብ። የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እያስተካከልኩበት እንኖራለን። እንኖራለን የምልህ አደይ፣ እናትህ፣ ከእኔ ጋር ስላሉ ነው። አንተ ስታርፍ እህታቸው ዘንድ ኵሓ ይሄዳሉ ብሎ ሰው ሁሉ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን የልጄ ቤት ብለው ቀሩ።

የእኔንና የእናትህን ነገር ታውቀዋለህ። ከደሴ መጥቼ መቐለ ስኖር ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ትግርኛዬ ከገበያ አልፎ አያውቅም። እሳቸውም አማርኛ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አንተ መሃላችን ተቀምጠህ የእኔን ለእሳቸው፣ የእሳቸውን ለእኔ ታሻግር ነበር። ከሄድክ በኋላ ጠዋት «ከመይ ሓዲርክን አደይ»፣ እንዴት አደሩ እላለሁ፣ እሳቸውም «እግዚኣብሔር ይመስገን ጓለይ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የቀረው በምልክት ነው።

ዘንድሮ ኮምፒውተሩ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። መጀመሪያ ሲበራ ብቻ ነበር፣ ጠቅ ጠቅ የምትል ቀጭን ድምፅ። እየቆየ ግን ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ጀመር። አንተ ብትኖር አንዱን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ክዳኑን ከፍተህ ትገላገለው ነበር። መብራት በጠፋበት በዚያ ዘመን እንኳ፣ ለወራት ያልበራውን ኮምፒውተር በቀለም ብሩሽ አቧራውን ትጠርግለት ነበር። ምን ያደርጋል ስልህ «መብራት ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ» አልከኝ። እኔ ግን አልከፈትኩትም። ሲጮህ ሳጥኑን በመዳፌ መታ አደርገዋለሁ፤ ትንሽ ዝም ይላል፤ እኔም ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ያን ቀን ተከራይዋ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ጽሑፏን የምታስረክብበት ጊዜ ደርሷል። ኮምፒውተሩ አንዴ አጓራና ድርግም ብሎ ጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ የሠራሁትን ሴቭ አላደረግኩትም ነበር። ሳጥኑን ብነካው ያቃጥላል። ዞር ስል አደይ ቆመዋል፤ ሥራ ሳቆም ኮምፒውተሩን የሚያለብሱበትን ነጭ ጨርቅ አጣጥፈው ይዘዋል።

«አንቺ ነሽ በጨርቅሽ ያፈንሽው» አልኳቸው። «የልጅሽን ዕቃ አንቺው ገደልሽው።»

«አንቺ» አልኳቸው ተክልዬ። አግብተኸኝ ቤታችሁ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ያልኳቸውን እናትህን፣ በሰው ፊት። አማርኛውን አይሰሙም ብዬ መሰለኝ የደፈርኩት፤ ይህ ደግሞ ከስድቡ ይልቅ ያሳፍረኛል። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። አደይ ጨርቁን ወንበር ላይ አኖሩና «ሕራይ ጓለይ»፣ እሺ ልጄ ብለው ወጡ።

በማግስቱ ትንሽ ቋጠሮ ይዘው ኵሓ ሄዱ። ለጎረቤት እህቴ ናፈቀችኝ ብለው ነው የሄዱት። እኔን አላነሡም። ጎረቤቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አደይ እንዳንቺ ያለች ምራት የለችም ይላሉ ብለው ይመርቁኛል። አሜን ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያን ሰሞን አወቅሁ።

ክዳኑን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሶኬቱን ነቀልኩ። አንተ እንደምታደርገው እንዳይሽከረከር ማራገቢያው ውስጥ የክብሪት እንጨት ሰክቼ በብሩሽ ጠረግሁት። ሥሩ ካለው ብረት መሃል የወጣው አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተያይዞ ነው የመጣው። ደጃችን ላይ የሚሠራው መንገድ አቧራ ነው። አንተ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠው የነበረውን ሳጥን በሩ ሥር መሬት ላይ ያኖርኩት እኔ ነኝ። የዚያችን የጠቅጠቅታም ምክንያት አገኘሁት፤ አንድ ሽቦ ከማሰሪያው ወጥቶ የማራገቢያውን ክንፍ ይነካል። ክፍልህን ለተከራይ ሳስለቅቅ ሳጥኑ ከእጄ አምልጦ ደፉ ላይ ወድቆ ነበር። ማንም አላየኝም፤ እኔም ረስቼው ነበር። አደይ ጨርቁን የሚያለብሱት ኮምፒውተሩ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ጠዋት ደግሞ እኔ ሳልነሣ ያነሡታል። የመንገዱን አቧራ ጥቂትም ቢሆን የከለከለልኝ እሱ ጨርቅ ነበር።

ሽቦውን መልሼ አሰርኩ፤ ማራገቢያው መሃል አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ጣል አደረግሁበት። ሳበራው ሽው ከማለት በቀር ድምፅ የለውም። ደስ ሊለኝ ሲገባ መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ።

ኵሓ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ «ይቕረታ ግበራለይ» የምትለዋን እያነበነብኩ ነበር። አደይን እህታቸው በር ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ግማሹን በትግርኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ተንተባተብኩ፤ አቧራውን፣ ሽቦውን፣ ሳጥኑ የወደቀበትን ቀን፣ ሁሉንም። ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱና በአማርኛ መለሱልኝ።

«አማርኛ እሰማለሁ ጓለይ። ድሮም እሰማለሁ። መናገሩን ነው የማፍረው፣ ትስቂብኛለሽ ብዬ።»

ስንት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ለእህቴ በስልክ ስለ እሳቸው ያወራሁት ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለተክላይ እንኳ ለምን አልነገሩትም አልኳቸው።

«ብነግረው ይነሣ ነበር» አሉ። «ሊያስተረጉም ሲል መሃላችን ይቀመጣል። ሥራ የበዛበት ልጅ ነው፤ እኔ በሌላ ጊዜ አላገኘውም።»

ከዚያ ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ቀና ሳይሉ፣ «ዕቃ ገደልሽ ያልሽኝን ትቼዋለሁ። ‹አንቺ› ያልሽኝ ግን ገና ያመኛል። ሲተወኝ እመጣለሁ» አሉኝ። ብቻዬን ተመለስኩ።

የመጡት ለኪዳነ ምሕረት ነው። ሳይነግሩኝ መጥተው በሩን አንኳኩ። አሁን እንነጋገራለን፣ እኔ በተሰባበረ ትግርኛ፣ እሳቸው በቀስታ አማርኛ። አንተ ስታሻግር ስንቱን ትቀይረው እንደነበር የገባኝ ገና አሁን ነው። ወጥዎ ጨው በዛበት ያልኩትን እጅዎ ይባረክ ብለህ ነግረሃቸው ኖሯል። አደይ ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ፤ እኔ ግን የእኔን እየሰሙ ያንተን እንደተቀበሉልኝ አስቤ መሳቅ አልቻልኩም።

አልረሳህም ብዬ ቃል ልግባልህ ብል ለእኔ ቀላል ነው፤ ማን ይረሳሃል። የምገባልህ ቃል ያንን ቀንም እንዳልረሳው ነው። አደይ አለፈ ይላሉ፣ ከልባቸው ነው። እኔ ግን እንዲያልፈኝ አልፈልግም። እሳቸው በዕድሜ እየደከሙ ነው፣ እኔም ቁጡ ነኝ፤ ደግሞ የምናገረውን የሚያለዝብልኝ ሰው መሃላችን የለም።

ነፍስህን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልኝ።

ሰብለ