ሰማያዊቷ በጠዋት ለምን አትነሳም

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ጠዋት 2፡00

መኪናችን ዛሬም እምቢ አለች። ቁልፍ ሳዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ይጮኻል፤ ሞተሩ ግን ዝም። ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ሹራባቸውን እየለበሱ ወጡ። «ካልለመኗት አትነሳም፣ እንደ ሙሽራ!» አሉና ከባለቤቴ ከጌታቸው ጋር ቁልቁለቱን ገፉልኝ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅ፣ ተነሳች። ሳንሱሲ እናቴ ቤት ስደርስ እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና በሩን ታያለች። እሷም ብቻዋን አትነሳም።

ጌ. ሊሸጣት ቆርጧል። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ደላላው ገዢ ያመጣል። በየጠዋቱ ጎረቤት ማስገፋት አሳፍሮታል። መካኒኩ ካንዴላ ቀየረ፣ ባትሪ ቀየረ፣ በመጨረሻ ብርድ ነው ብሎ ሄደ። ጌ. ደግሞ ሲመሽ ኮፈኑ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ያለብሳታል። ለውጥ የለም። መኪናዋ ከሄደች በታክሲ ነው። ከ18 ማዞሪያ ሰልፉ አልቆ እስክደርስ እማዬ እስከ ረፋድ ተኝታ ልትጠብቀኝ ነው።

አልተከራከርኩም። ላንቺ ግን፣ ደብተሬ፣ ልንገርሽ፤ እንድትሸጥ አልፈልግም።

እሁድ፣ ኅዳር 21። ከሰዓት

ጽዮን ማርያም። በእግር ሄደን ተመለስን። እሁድ እማዬ ጋ የእህቴ ተራ ነው፤ መኪናዋ ከትናንት ቀትር ጀምሮ እንደቆመች ናት። ስምንት ሰዓት። ፀሐይ ኮፈኑን አግላው እጅ አያስነካም። እስቲ ብዬ አዞርኩ። እምቢ።

ደስ አለኝ! ብርድ ቢሆን አሁን ትነሳ ነበር። ይቺ የምታምፀው ብዙ ስትቆም ነው። ስትቆም ምኗ ይለወጣል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ስልክ ላይ በቪዲዮ አንድ የውጭ አገር መካኒክ አየሁ። ቋንቋው አይገባኝም፤ እጁ ይገባኛል። ቁልፉን ግማሽ ድረስ ብቻ ያዞርና ጆሮውን ወደ ኋላ ወንበር ይጥላል።

መስኮት ዘግቼ እንደሱ አደረግኩ። ከኋላ ወንበር ስር እዝዝዝ... ከዚያ ጸጥ። ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ ነው። መለስኩ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ከዚያ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። በአንዴ ተነሳች!

ውኃ ጠፍቶ ሲመጣ ቧንቧችን መጀመሪያ አየር ይተፋ የለ? እሱ ነው። ስትቆም ቤንዚኑ ከመስመሩ ይጠፋል። የት ይሄዳል? ወይ ወደ ሞተሩ ይንጠባጠባል፣ ወይ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ወደ ሞተሩ ቢሆን ካንዴላዎቹ ይርሱ ነበር፤ ፈትቼ አየኋቸው። ደረቅ። ሽታም የለም። እንግዲያው ይመለሳል፤ ፓምፑ ውስጥ መመለሻውን የሚዘጋው ክዳን ደክሟል።

ብቻዬን ሳቅኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25። ጠዋት

ለጌ. አሳየሁት። ሦስት ጊዜ ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ። ራሱም ሞከረ። ተነሳች። እንደ ልጅ ደገመው። ጋሽ ወርቁ ሊገፉ ወጥተው በር ላይ ቆመው ቀሩ። «ከሥራ አባረርሽኝ በይኛ!»

የቅዳሜው ቀጠሮ ግን አልተሰረዘም። ደላላው እንደተቀጠረ ነው። የምትነሳ መኪና ደግሞ ቶሎ ትሸጣለች። ይህን አላሰብኩም ነበር። ቀኑን ሙሉ ከፋኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27። ሳንሱሲ፣ እማዬ አልጋ አጠገብ

ደላላውና ገዢው ማልደው መጡ። ገዢው ዝምተኛ ሰው ነው። ዙሪያዋን አየ፣ ጎማ ነካ፣ ራሴ ላስነሳት አለ። ቁልፉን በአንዴ እስከ መጨረሻው። ሞተሪኖው ጮኸ። ዝም። ፋታ ሳይሰጥ ደገመ። ዝም።

ጌ.ን አየሁት። ሦስት ጊዜ ግማሽ ማዞሩን ያውቃል። ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ሰማይ ያያል። ጋሽ ወርቁ ሊገፉ ሲንደረደሩ ክንዳቸውን ያዛቸው። «ይተዉአት ጋሽ ወርቁ። ጠባይዋ ነው።» ደላላው እየተነጫነጨ ገዢውን ይዞ ሄደ።

ጌ. ጥግ እስኪዞሩ ጠበቀ። ከዚያ ገባ። እዝዝ፣ እዝዝ፣ እዝዝ። አስነሳት። ወርዶ በሩን ከፍቶ ያዘልኝ። እናትሽ ይጠብቁሻል፣ ሂጂ አለ።

እማዬን አንስቼ አጥቤያታለሁ። ፀጉሯን እያበጠርኩ ሁሉንም ነገርኳት። ባልሽ ደህና ሰው ነው አለች፤ እስከ ዛሬ ብላው አታውቅም።

ሰኞ ከጌ. ጋር መርካቶ፣ ፓምፕ ፍለጋ። እሱ ዋጋ ይከራከራል፤ እኔ እያንዳንዱን በአፌ እየነፋሁ እሞክራለሁ። ወደ ኋላ የሚያስተነፍሰውን አልወስድም።