ደጃዝማቹ የተዋሰው ማተብ

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ዮሐንስ፤

ከጅዳ፣ ከሂንዳዊያ ሰፈር ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔም ታናሻችን ብሥራትም ደኅና ነን፤ ያስቸገረን ሙቀቱ ብቻ ነው።

ባለፈው አርብ የአገር ልጆች ክፍላችን ውስጥ የታሪክ ቴአትር አሳዩ። አንዱዓለም የሚባል ሹፌር ንጉሡን የሚያስገድለውን ደጃዝማች ሆኖ ተጫወተ። በማተቡ የሚምልበት ቦታ ስላለ ብሥራት የራሷን ፈትታ አሰረችለት። «ጃንሆይ፣ እኔ ከምከዳዎ ጥላዎ ቢከዳዎ ይቀላል» ሲል፣ ንጉሡን ረስተን ለከዳተኛው አጨበጨብን፤ እኔም ጭምር።

ብሥራት ሰሞኑን የማዳም ቤት ሰልችቷታል። አንዱዓለም ባሕራ በምትባል ከተማ የተሻለ ሥራ አገኝልሻለሁ ብሏታል። «እንዲህ የሚናገር ሰው ይዋሻል?» ትለኛለች። ብትደውልላት ደስ ይላታል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። በላክነው ፎቶ የብሥራትን አንገት ባዶ አይታ ከጠየቀችህ፣ ማተቧን ለቴአትር አውሳ ገና አልተመለሰላትም በላት።

እህትህ ጌጤነሽ