ቆዳዬ ስለ ላላ የተከለከልሁት ድንኳን

ታኅሣሥ ወር ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገብረ መድኅን፣
የወንዝ ማዶ መረዳጃ እድር ዳኛ፣
መካኒሳ።

ክቡር ዳኛ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፤ ቤተ ሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ደጅዎ ሁሉ ሰላም እንዲሆን እመኛለሁ። የእኔን ጤና ግን በመልስዎ ላይ እንዳይጠይቁኝ አደራ እላለሁ። ከክረምት ወዲህ ጠያቂዬ በዝቶ «ደኅና ነኝ» ማለት ከእርሻ ይልቅ አድክሞኛል። ጤነኛ መሆን ይህን ያህል ጉልበት የሚጨርስ ሥራ መሆኑን ታምሜ ብቀር ኖሮ አላውቀውም ነበር።

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። የምናገረውን የሚጽፍልኝ ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ሙሉሰው ሲሆን፣ ቃሌን እንዳያለሳልስብኝ በአቦ አስምዬዋለሁ። «ክቡር» የሚለውን በየቦታው የሚጨምረው እርሱ ነው፤ የቀረው የእኔ ነው። ደብዳቤው ግልጽ የሆነውም እርስዎን በጓዳ ማነጋገር ስላልጠቀመኝ ነው። በወር ስብሰባችን ዕለት ዋርካው ሥር ይነበብልኛል፤ አባላቱ ሁሉ ይስሙት።

ጉዳዩን ከሥሩ ልያዘው። እኔ ኢታና ፈየራ እስከ ካቻምና ድረስ ሆድ ነበረኝ። ሆድ ስል የዋዛ ሆድ አይደለም፤ ከበቅሎዬ ላይ ስወርድ እርሱ ቀድሞኝ የሚወርድ፣ ገበያ ስገባ መንገድ የሚያስለቅቅልኝ፣ ለሽምግልና ስቀመጥ ጭኔ ላይ የሚያርፍና እጄን ከላዩ ጭኜ ስናገር ቃሌን የሚያከብድልኝ ሆድ ነበር። ክቡርነትዎም ያን ጊዜ ከጎንዎ ያስቀምጡኝ ነበር። ኋላ እግሬ እየደነዘዘ፣ ውኃ ጥሙ እንቅልፍ እየነሣኝ ቢያስቸግረኝ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ፈረንጁ ሐኪም ሽንቴን መርምሮ የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ነገረኝና፣ ይህን ቦርጭ ካላወረድሁት እግሬን እንደማጣ በአስተርጓሚ አስታወቀኝ። እግር የሌለው ገበሬ ምን እንደሚሆን አስቤ ቅቤውን ተውሁ፣ ጮማውን ተውሁ፣ ጠጁን ተውሁ። ማለዳ ማለዳ እስከ ለቡ ወንዝ በእግሬ እየሄድሁ እመለስ ጀመር። በቅሎዬ ባዶዋን ከኋላዬ ስትከተለኝ ሰው ለገበያ የማወጣት መስሎት ጥርሷን ለማየት ያስቆመኝ ነበር።

ስቡ ሄደ። ሐኪሙ ደስ አለው፤ እግሬም ነፍስ ዘራ። ቆዳዬ ግን ስቡ መሄዱን የነገረው የለምና በነበረበት ቀረ። ዛሬ ልብሴን ሳወልቅ ጤፉ የተገለበጠለት አቁማዳ ማለት እኔ ነኝ። ከእምብርቴ በታች ተጣጥፎ ይንጠለጠላል፤ ከክንዴ ሥር ይወዛወዛል፤ ከአገጬ ሥር ያለውማ የበሬ አንገት ቆዳ ነው። ይህ መቼ እንደሚሰበሰብልኝ ሐኪሙን ብጠይቀው፣ ወጣት ብሆን ኖሮ እንደሚሰበሰብ፣ በእኔ ዕድሜ ግን ጥቂቱ ብቻ እንደሚመለስና የቀረውን ተሸክሜው መኖር እንዳለብኝ ነገረኝ። ሰውዬው እውነቱን ነገረኝ፤ ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከእርስዎ ጋር ነው። አቶ ሙሉሰው «አቤቱታዬ» በል ይለኛል፤ እሺ፣ አቤቱታዬ ከእርስዎ ጋር ነው።

፩ኛ. መካኒሳ እኔን ሳይጠይቅ ልሞት መሆኔን ወስኗል። በአገራችን ለሚሞት ሰው «ትሞታለህ» አይባልም፤ «ተሽሎሃል» ይባላል። ደግ ልማድ ነው። ነገር ግን በእኔ ላይ የመጣው መከራ ይኸው ነው፤ «ድኛለሁ» ባልሁ ቁጥር ሁሉም «አዎን፣ ድነዋል፣ ፊትዎም ወዝ አለው» ይለኛል፤ ይህን ያለኝ ሰው ሁሉ ደግሞ ዞር ብሎ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል። የሚቃወመኝ ባገኝ ተከራክሬ እረታው ነበር፤ ከሚስማማኝ ሰው ጋር ግን በምን ልከራከር? ጡሩምባ ነፊያችን መኩሪያ እንኳ በየማለዳው በደጄ እያለፈ «እንዴት አደሩ አባባ» ይለኛል። «ደኅና» ባልሁት ጊዜ ጡሩምባውን ወደ ብብቱ እየመለሰ ይሄዳል። ትጋቱን አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ ለሥራው የቆመ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ቢገኝ አገር ይለማ ነበር።

፪ኛ. በቀብር ላይ ቃሬዛ ልሸከም ትከሻዬን ባቀርብ ክቡርነትዎ ክንዴን ይዘው ከሴቶቹ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ርኅራኄዎ በዚያ አላበቃም። የንስሐ አባቴን ላኩብኝ፤ እርሳቸውም ስለ ጤፌ ምርት እየጠየቁ ቆይተው በመጨረሻ ኑዛዜዬን የት እንዳስቀመጥሁ ጠየቁኝ። የምናዘዘው ብዙ እንደሌለኝ፣ ጥቂት ትርፍ ቆዳ ግን ለሚፈልግ እንዳለኝ ነገርኋቸው። አልሳቁም።

፫ኛ. ዋናው ይህ ነው። የልጄ የበንቲ ልጅ ደራርቱ ለጥር ወር ታጭታለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደግኋት እኔና ባለቤቴ ጤናዬ ነን፤ የምድራትም እኔ ነኝ። በኅዳር ወር የእድሩን ድንኳን ለሰርጉ እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅሁ። ለአባል ሰርግ ድንኳን መስጠት የኖረ ደንባችን መሆኑን ማስረዳት የሚያስፈልግ አልመሰለኝም። ክቡርነትዎ ግን «በጥር ወር ድንገት የሚያጋጥም ነገር ሊኖር ስለሚችል ድንኳኑ ከዕቃ ቤት ባይርቅ ይሻላል» አሉኝ። ምን እንደሚያጋጥም ብጠይቅዎ መሬት መሬት አዩ። ያን ጊዜ ገባኝ። ድንኳኑ የተያዘው ለእኔ ነው።

እንዲህ ያለ ክብር ለማንም ተደርጎ አያውቅምና ላመሰግንዎ ይገባል። ሌላው ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ይፈለግለታል፤ የእኔ በቁሜ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል።

፬ኛ. እምቢታውን ባልቀበል መፍትሔ ሰጡኝ፤ «አቶ ኢታና፣ ሰው የሚፈራው ይህን የተንዘላዘለ ቆዳ አይቶ ነው፤ ሆድዎን ለጥ አድርገው ቀጥ ብለው ቢታዩ ነገሩን ጉባኤው ደግሞ ያየዋል» ብለው መከሩኝ። የድንኳን ፈቃድ ከሆድ ለጥ ማለት ጋር መያያዙ በየትኛው የእድራችን ደንብ እንደተጻፈ አልጠየቅሁም፤ አላነብምና ቢያሳዩኝም አይጠቅመኝም። ለልጅቱ ስል የታዘዝሁትን ሁሉ አደረግሁ። ጤናዬ እንደ አራስ ሆዴን በመቀነቷ ጠፍራ አሰረችልኝ፤ ቆዳው ከታች ሲታገድ ከመቀነቱ በላይ ፈሶ ወጣ፤ ከላይ ስታስረው ከታች ወጣ። ማታ ማታ ቅቤ ትቀባኝ ጀመር፤ በአፍ እንዳይገባ የተከለከለውን ቅቤ በሆድ በር አስገባሁት እያለች ትሥቅብኛለች። ለተማሪዎች ጂምናስቲክ የሚያሠራው መምህር እንግዳም በጀርባዬ ተኝቼ እግሬን ወደ ላይ እንዳነሣ አሳየኝ። መምህሩ የማይዋሽ ልጅ ነው፤ ይህ ከቆዳው ሥር ያለውን ሥጋ ያጠነክረዋል እንጂ ቆዳውን አይሰበስበውም ብሎኛል። እኔ ግን እርስዎን ላስደስት ብዬ ገፋሁበት።

አምስተኛ የሚለውን ተወው ብዬዋለሁ አቶ ሙሉሰውን፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ነገር ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ማለዳ አውድማዬ ላይ ጂምናስቲኩን ሠርቼ ስለ ደከመኝ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጆቼን ደረቴ ላይ አድርጌ በጀርባዬ ጋለልሁ። መኩሪያ በአጥር አየኝ። ገብቶ ቢነቀንቀኝ ምን ነበረበት? ግን እርሱ ብዙ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ ጡሩምባውን ነፋ። እኔም ጡሩምባ ሰምቼ ከተጋደምሁበት ተነሣሁና፣ የሞተው ማን ይሆን እያልሁ ጋቢዬን ልለብስ ወደ ቤት ገባሁ። ስወጣ ሠፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጄን ሞልቶታል፤ «ወይ ኢታና» እያለ ያለቅሳል። ከኋላቸው የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ሮበሌና ጎበዛዝቱ ድንኳኑን ተሸክመው እየሮጡ ደረሱ።

ክቡር ዳኛ ሆይ፤ የእድራችን ቅልጥፍና ያን ዕለት አስገረመኝ። አንድ ወር ሙሉ የለመንሁት ድንኳን እኔ ጋቢ እስክለብስ ደጄ ደረሰ። ቆሜ ባያችሁኝ ጊዜ ደግሞ ተሸክማችሁት ተመለሳችሁ። ሮበሌን ከመጣችሁ አይቀር እዚሁ ተዉት ብዬ ብለምነው፣ ለልቅሶ እንጂ ለሰርግ አልታዘዝሁም አለኝ።

ይህም ብቻ ቢሆን በሣቅ ያልፍ ነበር። ጡሩምባው ግን ንፋስ ስልክ ድረስ ተሰማ፤ የሙሽራው አባት አቶ ቸኮልና ባለቤቱ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሊያለቅሱ መጥተው ያጽናናቸው ሟቹ ራሱ ሆነ። ደዌ እንደሌለብኝ ላሳያቸው ብዬ ሸሚዜን ገልጬ ሆዴን አሳየኋቸው። ይህን ማድረግ አልነበረብኝም። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ዓይናቸውን በነጠላ ሸፍነው «እግዜር ይማርዎ» አሉ። በማግሥቱ ሽማግሌ ልከው፣ ድንኳኑ ለምን እንደተከለከለ ሰምተናል፣ ሰርግና ልቅሶ እንዳይጋጭብን፣ ደግሞም ያከሳኝ የሳንባ በሽታ ሆኖ በዘር እንዳይኖር ነገሩ ከፋሲካ በኋላ ይታይ አሉን። «ይታይ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ ልብሷን አጥፋ ሣጥን ውስጥ አስገብታለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር።

ያ ድንኳን ልጄ በንቲ የሞተ ጊዜ እኔው ደጅ ተተክሎ ነበር። ደራርቱ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ከውስጥ እስኪወጣ ድረስ የድንኳኑን ገመድ ይዛ አልለቅም ብላ ስታስቸግር እርስዎ ራስዎ ነዎት ጣቷን ቀስ አድርገው ያላቀቁላት። ያን ቀን ሰው ነበሩ። እዚያው ድንኳን ውስጥ አንድ ቀን ስትሥቅ ላያት ብቻ ነው ቅቤውን የተውሁት፣ ለቡ ድረስ የሄድሁት፤ ለሌላ ለምንም አይደለም። ሐኪሙ «እግርህን ታጣለህ» አለኝ፤ እኔ ያሰብሁት በሰርጓ ቀን በእግሬ ቆሜ እንድሸኛት ነበር።

አሁን ማስረዳት ሰልችቶኛል። ሆዴ ለጥ አይልም፤ ቁርጡን ይወቁት። ይህ ቆዳ ጠግቤ የኖርሁበት ነው፣ ከሞትም የተረፍሁበት ነው፣ ከእኔ ጋር መቃብር ይገባል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት የሚከተለውን በሙሉ ልቤ እናገራለሁ፦

ድንኳኑ ለእኔ ልቅሶ የተቀመጠ ከሆነ የእኔ ድርሻ ነው። ድርሻዬን በቁሜ ለደራርቱ ሰርግ አውጥቼዋለሁ። እኔ በሞትሁ ቀን እድሩ ድንኳን እንዳይተክልልኝ፤ ልጆቼም እንዳይጠይቁ፤ የመጣ ሰው በፀሐይ ይቀመጥ፣ ዝናብም ቢሆን ይምታው። በዚህ ቃሌ ላይ አውራ ጣቴን አኑሬያለሁ። ክቡርነትዎ ከዚህ በኋላ ድንኳኑን ቢከለክሉ የሚጠብቁለት ሬሳ የለዎትምና ምክንያቱን ለጉባኤው ማስረዳት የእርስዎ ፈንታ ይሆናል። ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ሰርጉ ይሆናል። አቶ ቸኮል ደግሞ ደረቴን ከተጠራጠረ ከእኔ ጋር እስከ ለቡ በእግሩ ይሂድ፤ በመንገድ ላይ የሚያስለው ማን እንደሆነ ይታያል።

ለእስካሁኑ እንክብካቤዎ፣ ለበርጩማው፣ ለንስሐ አባቴ፣ ለጡሩምባውም ጭምር ምስጋናዬ ከቆዳዬ ይሰፋል።

ከእግርዎ በታች የምገኝ፣ በእድሩ ፈቃድ ገና ያልሞትሁ አባልዎ
ኢታና ፈየራ
(የአውራ ጣት ምልክት)

ግልባጭ፦
ለአቶ ቸኮል፣ ንፋስ ስልክ
ለጡሩምባ ነፊው ለመኩሪያ፣ እንዲያውቀው

ከጣቴ ምልክት በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው እሑድ የአቦን ዳገት ሲወጡ ከኋላዎ ነበርሁ። ሰው ሰላም የሚሉ እየመሰሉ ደጋግመው ቆመው፣ ሆድዎን በእጅዎ ደግፈው ትንፋሽዎን ሲሰበስቡ አይቻለሁ፤ እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ሐኪሙ ዘንድ ልውሰድዎ ብል ደስ ይለኛል። አይ ካሉም ፈቃድዎ ነው፤ ቃሬዛ የመሸከም ተራዬ ብቻ ይመለስልኝ። በእርስዎ ቀን ከፊት በኩል እኔ እይዛለሁ። ከኋላ ለሚይዙት ጎበዛዝት ግን እግዜር ብርታቱን ይስጣቸው።