ትናንሾቹ መርከቦች ያሉበትን ማን ነገረው?

አብዱልመሊክ ወንድሜ፣

ለማመን ይከብድሃል፣ ግን ወላሂ አንድም ውሸት የለበትም።

ትናንት በታብሌቱ የመርከብ ጦርነት ጌም ላይ ሁለቱን ትናንሽ አውሮፕላን ተሸካሚዎቼን ከጭነት መርከቦቹ ኋላ፣ ዝናቡ ውስጥ ደበቅኳቸው። ቆርቆሯቸው ስስ ነው፤ ሥራቸው ሰርጓጅ መርከብ ማባረር እንጂ ፊት ለፊት መጋጠም አይደለም። የሱወይዲ ሰፈሩ አንዱዓለም አውሮፕላኖች ግን ትልልቆቹን መርከቦቼን ዞር ብለው ሳያዩ፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው ቀጥ ብለው ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ኸላስ፣ ሁለቱም ሰመጡ።

የደበቅኩበትን ካንተ በቀር ማንም አያውቅም።

የቁርስህን ቂጣ፣ ኩብዙን፣ በፎጣ ጠቅልዬልሃለሁ። ውሃው ሳይሄድ ባልዲውን ሙላ።

ባለፈው በእንግዶቹ ፊት "ይሄ ጀልባም አይነዳም" ብዬ ያሳቅኩብህ…
እሱን ተወው።

የመጨረሻው ግጥሚያ ዛሬ ከሥራ መልስ ነው። ከተሸነፍን ዓርብን ሙሉ ለሱወይዲዎቹ የምናበስለው እኔና አንተ ነን። ታብሌቱን ይዤው ወጥቻለሁ፤ አትፈልገው።

ጠዋት አንዱዓለም ጋ ደወልኩ። "የነገረኝ እዚያው አንተ ቤት የሚያድር ሰው ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

እሺ፣ አንዷን ነገር ፈጥሬአታለሁ፤ አንዱዓለም ስልኩን አላነሳም። እሷን ስታነብ ከደነገጥክ ግን፣ ዛሬ ስንጫወት አጠገቤ እንዳትቀመጥ።

ሰማው